ሽሮ ላይ የተሰመረ መስቀል

ኦቦ ጎበና የሽሮውን ባልዲ ሲከፍቱ መስቀሉ ዛሬም ጠፍቷል።

«ሀቱ!» ብለው ጮኹ። «ሌባ! ቤቴ ውስጥ ሌባ አለ!»

ሚስታቸው አዴ ጠጅቱ ደጅ ተቀምጠው ጎመን እየከተፉ ነበር። ቀና አላሉም።

ኦቦ ጎበና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው በሚኖሩበት ቡራዩ የአንድ ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። ያን ጊዜ ማታ ማታ በበሩ ስንጥቅ ሰንበሌጥ ይሰኩ ነበር። ጠዋት ሰንበሌጡ ወድቆ ከተገኘ ሰው ገብቷል ማለት ነው። መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቀው አያውቁም፤ የሚያዩት ሰንበሌጡን ነበር።

አሁን የሚጠብቁት ሽሮ ነው። ጠጅቱ ለዕለቱ ወጥ የሚበቃውን ባላቸው ፊት ይጨልፋሉ። ኦቦ ጎበና የቀረውን በማንኪያ ጀርባ አስተካክለው በጣታቸው መስቀል ያሰምሩበታል።

«ሽሮ ላይ መስቀል! ቄሱ ቢሰሙ ምን ይላሉ?» ብለው ነበር ጠጅቱ በመጀመሪያው ቀን።

«ቄሱ አስቤዛ ይገዙልኛል?»

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። አንድ ወር መጨረሻ ላይ ባልዲው ባዶ ሆነ። ጠጅቱ ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው ባዶ ውሃ ጣዱና እሳቱ ዳር ተቀመጡ። በሌላኛው ምድጃ ተከራያቸው ራቢአ ምስር ታማስል ነበር። ራቢአ የአክመል ሚስት ናት፤ ባሏ ገበያው አጠገብ የእህልና የቅመም ሱቅ አለው። ማዕድ ቤቱ የጋራ ነው። ወደ ጠጅቱ ድስት ውስጥ አየች።

ኦቦ ጎበናም ሁለቱን ድስቶች አዩ። «የእኛ ባልዲ ሲራቆት የሷ ድስት ይንተከተካል» አሉ። መስቀሉ ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁጠባውም ጠበቀ። ሽንኩርቱ በውሃ ይቁላላል፤ ዘይቱ መጨረሻ ላይ በማንኪያ ጠብ ይደረጋል። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። የሽሮ ዋጋ በየጊዜው ቢወጣም ኦቦ ጎበና ለሽሮ በመደቡት ብር ላይ ሳንቲም አልጨመሩም። ባልዲውም ከወር ወር ይደርሳል። ዕድር ላይ ሰዎች «እንዴት ቻላችሁት?» ሲሏቸው ጢማቸውን ይዳብሳሉ።

«ጥበቃ ነው። ሌላ ምን አለው?»

ቢሆንም መስቀሉ በየሳምንቱ ይጠፋል። የሚያንገበግባቸው ይህ ነው።

«እየተሰረቅን ወር ከደረስን፣ ባንሰረቅ ለፋሲካ ዶሮ ይወጣልን ነበር። ተከራይዋ ዶሮዬን ነው የምትሰርቀኝ!»

«ኧረ ተው ጎበና። ዋቃዮ ይመስገን፣ እየበላን ነው። ሽሮውም ሰሞኑን ጣመኝ።»

«ጾም ነዋ! የራበው ሰው የማይጥመው ምን አለ?»

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ግቢው ውስጥ ቀን ቀን እህል የሚቀምስ ሰው የለም።

አንድ ረቡዕ ኦቦ ጎበና ከቅዳሴ ቀደም ብለው ተመለሱ። የማዕድ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ራቢአ ባልዲው ላይ አጎንብሳለች። በአንድ እጇ ክዳኑን፣ በሌላው ባዶ ጣሳ ይዛለች። እጅጌዋ ሽሮ በሽሮ ሆኗል።

«ያዝኩሽ!»

ጣሳው ከእጇ ወደቀ።

«አባባ...»

«አባባ አትበይኝ! ጣሳውን ሳትሞዪው ደረስኩብሽ አይደል? ያውም በጾምሽ! ፈጣሪሽን እንኳ አታፍሪም?»

ጠጅቱ እየሮጡ መጡ። ራቢአ እሳቸውን አየች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«ምን ልበልዎት፣ አባባ» አለች።

ለሶላት ከሱቅ የመጣው አክመል ጩኸቱን ሰምቶ ገባ። ጎረቤትም በሩ ላይ ተሰበሰበ።

«ሚስቴን ነው ሌባ የሚሏት?» አለ አክመል። «የሱቄን ቁልፍ የያዘች ሴት የእርስዎን ጭብጥ ሽሮ ምን ታደርገዋለች? እንዲያውም ልንገርዎት...»

ራቢአ ክንዱን ያዘችው። «አክመል፣ ጾመኛ ነህ። አፍህን ያዝ።»

አክመል ጥርሱን ነከሰ።

«አያችሁ!» አሉ ኦቦ ጎበና ወደ ጎረቤቶቹ ዞረው። «መልስ ያለው ሰው ዝም ይላል?»

«ጎበና፣ ልጅቷ እኮ ታምሜ ስተኛ ውሃ ያቀበለችኝ ናት» አሉ ጠጅቱ።

«ውሃ ሰጥታ ሽሮ ወሰደች! ጥሩ ንግድ ነው! በሉ ውጡልኝ! ነገ ጠዋት እዚህ እንዳላያችሁ!»

በነጋታው ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሱሉልታ ሊሄዱ ተነሡ። ራቢአ ጠጅቱን አቅፋ ቆየች።

«አዴ፣ እንግዲህ እንዴት ልትሆኑ ነው?» አለች።

«ያለ አንቺ አንሞትም!» አሉ ኦቦ ጎበና ከደጃፉ።

ክፍሉን ደገፋ የሚባል ወንደላጤ ተከራየው። ምግቡን ሆቴል በልቶ ነው የሚመጣው፤ ማዕድ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

መጋቢት ሲገባ ኦቦ ጎበና በዚያችው ብር ሽሮ ገዙ። ባልዲው ውስጥ ገልብጠው መስቀላቸውን አሰመሩ። በማግስቱ ሲከፍቱ መስቀሉ እንዳለ ነበር። በሳምንቱም እንዳለ ነበር። ኦቦ ጎበና ደስ ብሏቸው ዶሮ ተራ ሄዱና የዶሮ ዋጋ ጠይቀው ተመለሱ።

ወሩ ገና ሳይጋመስ፣ አዴ ጠጅቱ ማንም ያልነካው መስቀል ላይ ማንኪያ ሲሰዱ፣ ማንኪያው የባልዲውን ቂጥ ፋቀ።