ያልገባው ደንበኛ

በቅርቡ ለነባር ሻጮችም ግዴታ የሆነውን የፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀችው የኢንሹራንስ ሻጭ፣ ለአራተኛው ሁለት ቀን ሲቀራት፣ የጥያቄ ካርዶቹን ለእናቷ ሰጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት በሠራችበት ሥራ እንደ ጀማሪ መጠየቋ አንገፍግፏት ነበር።

«ደንበኛው ውሉ አልገባውም፤ ግን ልፈርም ይላል። ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ እናቷ።

«ይሄም ጥያቄ ሆኖ! ሐሳቡን ሳይቀይር እስክሪብቶ አቀብለዋለሁ።»

እናቷ ካርዱን ገልብጠው መልሱን አዩ። «ስህተት። እስኪገባው ታስረጂዋለሽ እንጂ አታስፈርሚውም።»

«ይሄን የጻፈው ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ሸጦ አያውቅም!» ብላ ካርዱን ልትነጥቃቸው እጇን ሰደደች።

እናቷ አልለቀቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩዋት።

«የመጀመሪያ ደንበኛሽ እኔ ነበርኩ አይደል? እኔስ ምን ላይ ነው የፈረምኩት?»