የመሻገሪያው ጠባቂ

ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። መንገዱ በሆዱ ውስጥ ያልፋል፤ ድልድይ የለውም። ከሩቆቹ ተራሮች ላይ ሲዘንብ ግን፣ እዚህ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ፣ ደራሽ ውሃ ይመጣና ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከመንገዱ ዳር ጠባቂ የተቀመጠው። ከላይኛው ጣቢያ ስልክ ሲደወልለት በሁለት ምሰሶዎች መሃል ሰንሰለት ይዘረጋል። ሥራው ይኸው ነው።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። አምና በሐሩሩ ወራት ግን አንድ ነርስ ከነመኪናው ውሃ በላው።

የዚያን ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ አሸዋው እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። ጠባቂው ከምሳ በኋላ ከክፍሉ ጥላ ሥር ጋደም አለ። ስልኩ መጮኹን ያስታውሳል። ተነሥቶ ሰንሰለቱን መዘርጋቱንም ያስታውሳል፤ ወይም መዘርጋቱን በሕልሙ አይቶት ይሆናል። ሁለተኛ የቀሰቀሰው የመኪና ጥሩምባ ነው። ረጅም ነበር፤ አያቋርጥም። ሮጦ ሲወጣ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ አንድ ነጭ ጣሪያ ወደ ታች ሲንሳፈፍ አየ። ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል።

ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ፣ የሟቹ አባት እስከ ወገባቸው ጭቃ ለብሰው ሲጮኹ ሰው ደረሰላቸው። ቤታቸው ቅርብ ነው። ልጁም እሳቸው ዘንድ ምሳ በልቶ ወደ ተረኛ ሥራው እየተመለሰ ነበር።

ጠባቂው ግራ ቀኙን አየ። ሰንሰለቱን አወረደና ጎርፉ ውስጥ ወረወረው። ለመርማሪዎቹ «ዘርግቼው ነበር፤ በጥሶት አለፈ» አለ። እነሱም ጥፋቱ የሟቹ መሆኑን ጽፈው፣ ፈርመው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ጥሩምባው ይሰማዋል። ጆሮውን በትራስ ቢደፍነውም ይሰማዋል።

«ነጎድጓድ ነው፣ አንተ ሰው» ትለዋለች ሚስቱ። «መዳፍህ በጋለው ብረት ተልጦ ቅባት የቀባሁህ እኔ አይደለሁም እንዴ? ዘርግተኸዋል።»

«የዋዜማው ቁስል ይሆናል።»

«እንግዲህ እኔ ምን ልበልህ! የውሃውን ጎማ እንኳ ሳትጠቀልል መሬት ላይ አዝረክርከህ ነው የምትሄደው፤ የዚያን ቀኑን ሁሉ በምን ታስታውሳለህ?»

ዘንድሮ ደመናው መታየት ሲጀምር የሟቹ አባት መምጣት ጀመሩ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር ከጠባቂው ክፍል ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሰላምታ አይሰጡም። ቀኝ እጃቸው ከካፖርታቸው ኪስ አይወጣም።

«በዚህ ሙቀት ካፖርት?» አለች ሚስቱ በመስኮት እያየች።

«ደሙ የፈላበት ሰው ሙቀት አይሰማውም» አላት ጠባቂው። «አንድ ቀን ያንን እጅ ያወጡታል።»

መምጣት በጀመሩ በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። ጠባቂው አዲሱን ሰንሰለት ዘረጋ፤ ነካ፤ ሳበ፤ ደግሞ ተመልሶ ነካ። ተራሮቹ ጠቁረዋል። ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ ፀሐይዋን ጋረዳት። ሽማግሌው ዛሬ ድንጋዩ ላይ አልተቀመጡም፤ ቀጥ ብለው ወደ ክፍሉ መጡ።

«ባለቤትህ ለጊዜው ትውጣልን» አሉ።

ሚስቱ ባሏን አየችው። በዓይኑ ሂጂ አላት። ጓዳ ገባች እንጂ ሩቅ አልሄደችም።

ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቆመው የሚሉት የጠፋቸው መሰሉ። በግራ እጃቸው ከእግራቸው ሥር የተዝረከረከውን የውሃ ጎማ አነሡት፤ በክንዳቸው ላይ እያዞሩ ጠቀለሉትና ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ጠባቂው የሚያየው ቀኝ እጃቸውን ብቻ ነበር።

መብረቁ በረቀ። ደራሹ ከላይ እያገሳ መጣ፤ ግንዱንም ድንጋዩንም አንከባሎ በደጃፋቸው አለፈ። ጠባቂው ጥሩምባውን ሰማው። ከሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከ።

«አባባ፣ ያሰቡትን ያድርጉ፤ ግን መጀመሪያ ይስሙኝ። ያን ቀን ተኝቼ ነበር። ሰንሰለቱ አልተዘረጋም። የሞተ ልጅዎ ላይ ነው የዋሸሁት። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም።»

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ባዶ ነው፤ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ትከሻውን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ውሃው ጎደል አለ።

«ልሸኘው አብሬው መጥቼ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ሰንሰለቱ ተዘርግቶ ነበር። ልጄ ‹ጠባቂውን ቀስቅሰን እንጠይቀው› አለኝ፤ ‹ተወው፣ ደክሞት ነው፣ ይተኛ፤ ሰማዩ እንደሆነ ጥርት ያለ ነው› ብዬ የፈታሁለት እኔ ነኝ።»