ከየቤታችን

ድርጅቱ ቢሮውን ዘግቶ ሠራተኛውን ሁሉ ወደየቤቱ ሲልክ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፈሚካኤል ቁርጡን ተናገሩ፦ «ከቤቱ መሥራት ያቃተው ይሰናበታል።»

ከሠራተኞቹ አንዷን በማግስቱ አቃታት። የተከራየችው ክፍል ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አፏን በከፈተች ቁጥር በቆሎ ይፈጫል። በሦስተኛው ቀን የቢሮውን ዘበኛ ጋሽ ወንድይፍራውን ለምና በጓሮ በር ገባች። ኢንተርኔቱ ገና አልተቆረጠም።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብለው ዕቃ ክፍሉን ከፈቱላት።

ሁለት ወር እዚያው ሠራች። ከኋላዋ የተቆለለውን አሮጌ ወንበር በኮምፒውተሩ ላይ በመጽሐፍ መደርደሪያ ምስል ትሸፍነዋለች። አቶ ሰይፈሚካኤልም ቢሆኑ የላንጋኖን ሐይቅ ምስል ከጀርባቸው አድርገው ነው የሚሰበስቧቸው።

ዛሬ ግን «ይሄን የውሸት ምስል አንሱልኝ፤ ማን ከየት እንደሚሠራ ልይ። ከአንቺ እንጀምር» አሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው ክርኑ ላይ በቀይ ጨርቅ የተጣፈ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሻይዋን አስቀምጠውላት መውጣታቸው ነበር።

«ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ» አለች።

«እሱን ለሌላ ንገሪ! አንሺ ብያለሁ።»

ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ያኔ ከላንጋኖ መሀል በቀይ የተጣፈ የካፖርት እጅጌ ብቅ አለና በአቶ ሰይፈሚካኤል ፊት የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ስኳር ሁለት ነው አይደል፣ አለቃ?»