ዙር የማታበዛው ሞተር

ዘርፈሽዋል ጉልበቴን አሞኛል ብላ ከተኛች ወዲህ ገበያ የሚመላለሰው ባሏ ወርቅነህ ነው። አንድ ቀን አሮጌዋን የናፍጣ መኪና በአዲስ የሚለውጥለት ደላላ ይዞ መጣ።

ካልጋዋ ሳትነሳ በመስኮቱ ጮኸችበት።

«አንተ ወርቅነህ፣ አብደሃል? ይቺ ሞተር ዙር ሳታበዛ፣ ሳትንጨረጨር፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላ ትወጣልሃለች። የዛሬዎቹ ካልረገጧቸው አይነቃነቁም፤ ሲረግጧቸው ደግሞ ምጥ እንደያዛት ሴት ይጮሃሉ። ሽንኩርት ገዝቶ ለሚመለስ ሽማግሌ ምን ያደርጉለታል?»

«እማማ፣ አዲሱ እኮ ይፈጥናል» አለ ደላላው።

«ወዴት? ወደ መቃብር? አንተው ፍጠንበት!»

ባሏ አፈረና ደላላውን ሸኘው። በማግስቱም በዚያችው በአሮጌዋ መኪና ገበያ ሄደ።

ረፋዱ ላይ ዘርፈሽዋል ከጎረቤቶቿ ጋር መሐል ቤት እስክስታ ስትወርድ፣ የሞተሯ ዱግ ዱግ ከዳገቱ ሥር ተሰማት።

«መጣ! ግን አትሩጡ፣ ገና ዳገቱ አለበት» አለች።

ሴቶቹ እየሳቁ በጓሮ በር ወጡ። እሷም ላቧን ጠረገች፤ ጉልበቷን በሻሽ ጠፍራ አሰረች፤ ተረጋግታ አልጋዋ ላይ ወጣች። መኪናዋ ደጅ ስትደርስ እሷ ማቃሰቱን ጀምራለች።