ከአሸዋው ላይ የመጣ ትንፋሽ

የሻሽወርቅ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤቷ ዓለሚቱ ቤት ቁጭ ብላ ምስር ስትለቅም ያንን ትንፋሽ ከቴሌቪዥኑ ሰማችው። እጇ ሰፌዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ልጇ ሀይሚ ቀይ ባሕርን ልትሻገር ስትል ከዳርቻው በላከችላት የመጨረሻ የድምፅ መልእክት ውስጥ፣ «እማዬ አታስቢ፣ ብቻዬን አይደለሁም» ካለች በኋላ የሚሰማው ትንፋሽ ነበር፤ ረጅምና ከባድ፣ ሸክም ያወረደ ሰው የሚያወጣው ዓይነት። ከዚያ ወዲህ የሀይሚ ወሬ ጠፍቷል።

«ማነው እሱ?» አለች የሻሽወርቅ።

«የባሕር ኤሊ ናት እኮ፣ እትዬ። እንቁላሏን ለመጣል ስትወጣ እንዲህ ነው የምትተነፍሰው። ምን ሆኑብኝ?»

ጠረጴዛ የምታክል ኤሊ እንደ መቅዘፊያ በሰፉ እግሮቿ አሸዋውን እየገፋች ትሳብ ነበር። ጥቂት ተጎትታ ትቆምና አንገቷን ቀና አድርጋ ትተነፍሳለች። ከዓይኖቿ እንባ የመሰለ ጨዋማ ውሃ ይወርዳል። እንቁላሎቿን አሸዋ አልብሳ፣ አንዴም ዞር ብላ ሳታይ ወደ ባሕሩ ተመለሰች።

የሻሽወርቅ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትንፋሹ የሰው ነበር የሚመስላት። ልጇ አጠገብ የተቀመጠ፣ መንገድ ያደከመው ሽማግሌ አድርጋ ስላው፣ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ስሙን ለማታውቀው ለዚያ ሰው ጭምር ትለምን ነበር። ለካ ሀይሚ «ብቻዬን አይደለሁም» ያለችው እናቷ እንዳትጨነቅ ብላ ነው።

ዓለሚቱ የሴትዮዋ ፊት አስደንግጧት ሪሞቱን አነሳች። «ላጥፋው?»

«ተዪ፣ አታጥፊያት» አለች የሻሽወርቅ። «ልጄ አጠገብ የነበረችው እሷ ናት።»