ግድግዳው ሲያውቅ

«ክዳኑን እንዳትነኪብኝ!» አለች ዐሊያ፣ የሀዋዬን እጅ ከድስቱ ላይ ገፋ አድርጋ። «አሁን ድስት አይደለም። ሳጥን ነው።»

ሀዋዬ ሳቀች። ገና ሱብሒ መሰገዱ ነው። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራበት ኢንማ ከተማ ሳይነቃ የአሠሪዋ ልጅ ዐሊያ ኩሽና ገብታ፣ ለጃሚዓ፣ ለዩኒቨርሲቲው፣ የማቀርበውን ጥናት ልለማመድብሽ ብላ ይዛታለች። ሀዋዬ ሊጥ እያሸች ትሰማታለች። ቀደም ሲል ቆሻሻ ልድፋ ብላ ስትነሳ ዐሊያ «ዛሬ አትውጪ» ብላታለች፤ ምን ነክቷት እንደሆነ እንጃ።

«ውስጡ አንዲት ደቂቅ ነገር አለች፤ ኪዩቢት ትባላለች። እንደ አምፖል አስቢያት። ሳጥኑ እንደተዘጋ ግን በርታለችም፣ ጠፍታለችም።»

«አንድ ላይ?»

«ወላሂ፣ አንድ ላይ።»

ይህን ለማመን ሀዋዬ ጃሚዓ መግባት አላስፈለጋትም። ወንድሟ ጃፋር በሰዓዳ በኩል ወደ ሳዑዲ ድንበር ከሄደ ረመዳን አልፎ ዓረፋ መጥቷል። ስልኩ አይጠራም። አብረውት ከሄዱት የተመለሱ እንዳሉ ሰምታለች፤ አንዳቸውንም ሄዳ አልጠየቀችም። ወሎ ላለችው እናቷ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። እሷ እስካልጠየቀች ጃፋር አለ። እንቅልፍ የሚወስዳት በዚህ ነው።

«እንግዲያ ማንም ካልከፈተው እንደዚያው ትኖራለቻ?» አለች። 

ዐሊያ ወረቀቷን አስቀመጠች። «አትኖርም። ሳጥኑ ውስጥ ብርሃን ታምቋል። ብርሃኑ ሲነካት ምሥጢሯን ይዞ ይሄዳል፣ በግድግዳው በኩልም ትንሽ ትንሽ ያመልጣል። ማንም ባያያት፣ ግድግዳው ካወቀ አለቀ፤ ከሁለቱ አንዱን ትሆናለች።»

«እኛም አገር ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል» አለች ሀዋዬ፣ ነገሩን በቀልድ ልታልፈው ፈልጋ። ዐሊያ አልሳቀችም። ዓይኗን እንባ ሞልቶት ነበር።

የትናንቱ ነገር ሁሉ ለሀዋዬ ያኔ ገባት። እመቤቷ፣ አንድ ቀን አዝናላት የማታውቀው ሴትዮ፣ «ወለሉን ተይው፣ አረፍ በይ» ብላታለች። ጎረቤት ቤት የምትሠራው ያገሯ ልጅ ፋጢ፣ ተኳርፈው ከርመው፣ ምንም ሳትል መጥታ አቅፋታለች። እሷስ የእርቅ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። አገሯ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ወገን ተሰብስቦ፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ።

«ዐሊያ፣ ለምንድን ነው ዛሬ አትውጪ ያልሽኝ?»

ዐሊያ ክዳኑን በሁለት እጇ እንደያዘች አቀረቀረች።

ደረጃው ላይ የብዙ ሴቶች ኮቴ ተሰማ። አንዳቸውም አያወሩም። ሀዋዬ ሊጥ በያዘ እጇ ሮጣ የበሩን ቁልፍ ደግማ አዞረችው።

«ሀዋዬ፣ እህትዬ» አለች ፋጢ ከውጭ፣ ቀስ ብላ። «ክፈቺልን።»

«የለሁም» አለች ሀዋዬ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ።