የተከራዩ ፊሽካ

የሰፈሩ የጸጥታ ኮሚቴ ፊሽካ ለዓመታት ከአንድ ነባር ነዋሪ አንገት ሳይወርድ ኖሮ፣ ባለፈው ስብሰባ ለይልቃል ተሰጠ። ለተከራይ! ፊሽካው ሲነፋ ሰፈርተኛው ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ያ ሁሉ ክብር ትናንት ፍራሽ ተሸክሞ ለመጣ ልጅ መሰጠቱ ሰውየውን እህል አላስበላው አለ። ጭራሽ ሚስቱ እንኳ ገበያ ስትወጣ፣ "ይልቃል አለ፣ ምን እሰጋለሁ?" ማለት ጀመረች። ይቺ ደግሞ ከሁሉ ብሳ አንገበገበችው።

ቅዳሜ ሚስቱ ገበያ ሄዳ፣ እሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ ፊሽካው ጮኸ። ሁሉም ዱላቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

"ኧረ ቁጭ በሉ!" አላቸው። "እየተለማመደ ነው። ጠዋትም ድመት አይቶ ሲነፋ ነበር።"

"እውነትህን ነው?"

"ያንን ፊሽካ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ለሌባ እንዲህ አይነፋም።"

ሳቁና ተቀመጡ። ፊሽካው ደጋግሞ ጮኸ፤ በኋላ ዝም አለ። ሰውየው ደስ ብሎት የሁሉንም ሻይ ከፈለ።

ቤቱ ሲደርስ የግቢው በር ተገንጥሏል። ይልቃል ደፉ ላይ ተቀምጦ፣ ከግንባሩ ደም እየወረደ፣ የሰውየውን ቴሌቪዥን አቅፏል።

"ብዙ ነበሩ፣ ጋሼ፤ ይቺን ብቻ አስጣልኳቸው" አለ። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋለት። "እስቲ እርስዎ ይዩልኝ፤ ሳይበላሽ አይቀርም። ብነፋ ብነፋ ሰው አልወጣም።"